ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ዶክተር

ሰሞኑን ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ፊት ለፊት የሚሠራውን ፎቅ ሳይ፣ አንድ ጎረምሳ ቢጫ ጥቅልል በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ገና ከሩቅ ሳየው ክንዴን በላኝ። እውነቴን ነው፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ክንዴ አልረሳም! ተነሥቼ መንገዱን ተሻገርኩና አስቆምኩት።

«ልጄ፣ አፍህን የምትሸፍንበት ነገር ሰጥተውሃል?»

«ኧረ እማማ፣ ይሄ እኮ ጥጥ በሉት፣ ምንም አያደርግም» ብሎኝ እየሳቀ አለፈ።

እኔንም ያኔ «ጥጥ በሉት» ነበር ያሉኝ። ልጄ ሰናይት ይህን ስትሰማ «እማዬ፣ መንገደኛውን ሁሉ ከምታስቆሚ ለምን አትጽፊውም?» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት። የሚሰማ ካለ ይስማ፣ የሚስቅም ይሳቅ፤ ሳንባው ግን አደራ።

ዛሬ አዳማ የምትሉት ከተማ ያኔ በአፋችን ናዝሬት ነበር። እኔና ባለቤቴ ግርማ ከባቡር ጣቢያው ሳይርቅ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ የቀበሌ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ግርማ የእርሻ ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከውስጥ ደግሞ በአቡጀዲ የተወጠረ ኮርኒስ። ናዝሬትን የሚያውቅ ያውቃታል፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ቤቱም ምድጃ ይሆናል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚቀር ሰው አልነበረም። ሁላችንም ምንጣፋችንን ይዘን ግቢው መሐል ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ነበር።

አቤት ያቺ ጥላ! እማማ በላይነሽ እንዝርታቸውን ያሾራሉ፣ እኔ የሰው ቀሚስ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ልጆቹ ከጓሮ የወደቀ ፓፓያ ይሻማሉ። ጉርሜሳ የሚባል የቀበሌያችን ቡድን በረኛ ነበር፤ ከልምምድ ሲመለስ «ሀርሜ፣ አካም ጂርቱ» ብሎ፣ «እናቴ፣ እንዴት ነሽ» ማለቱ ነው፣ እማማን ሰላም ሳይል አያልፍም። ባቡሩ ሲያልፍ ወሬያችንን እናቋርጥና ጩኸቱ ሲርቅ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ኑሮው ወረፋ ነው፣ ስኳር በካርድ ነው፣ እኛ ጴንጤዎቹ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየቤታችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንጸልየው። ክፉ ዘመን ነበር፤ አልክድም። ያቺን ጥላ ግን ዛሬም እናፍቃታለሁ፤ ምን ላድርግ!

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አበራ ሰበሰቡንና «አብዮታዊው መንግሥታችን ሕዝቡን ከሙቀት ለመከላከል የጣሪያ ሥር ምንጣፍ አቅርቦላችኋል» አሉ። ዕቃው ከባሕር ማዶ፣ ከወዳጅ አገር፣ ለአንድ የመንግሥት ማቀዝቀዣ መጋዘን ተብሎ የመጣ ነው አሉን፤ የተረፈው ለቀበሌ ቤቶች ተሰጠ። አጨበጨብን። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

ዘመቻው በቅዳሜ ተጀመረ። የሰፈሩ ወጣቶች እጀታቸውን ሰብስበው በባዶ እጃቸው ያን «ጥጥ በሉት» የተባልነውን ቢጫ ለስላሳ ነገር እየቀደዱ በቆርቆሮውና በአቡጀዲው መሐል ጎሰሩት። ከዕቃው ጋር ጓንትና የዓይን መነጽርም መጥቶ ነበር፤ ማንም ለምን እንደመጣ አልጠየቀም። ጓንቱ ለበረኛው ለጉርሜሳ ተሸለመ፣ መነጽሩ የቀበሌው ሞተር ሳይክል ነጂ ዓይን ላይ ዋለ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ የተረፈውን ብጥስጣሽ ለቅሜ ትራስ ሞላሁበት። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው ነው።

የጥቅልሉ መጠቅለያ ደግሞ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ነበር። ያኔ ለበዓል ግድግዳ በጋዜጣ እንለጥፋለን፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ከየት ይገኛል? ሴቶቹ ተሻማንበት። በላዩ ላይ የአንድ ፈረንጅ ሥዕል አለ፤ ዓይኑን በመነጽር፣ አፍና አፍንጫውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኗል፣ እጁ ላይ ጓንት፣ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ነገር። ከሥሩ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ አለ። እኔ በዱቄት ሙጫ ከመስተዋቴ አጠገብ ለጠፍኩትና «ዶክተር» አልኩት። ትከሻው ላይ ያለው ለበሽተኛ የሚወስደው ብርድ ልብስ ነው። እማማ በላይነሽ ቤት «አውሮፕላን ነጂ» ሆነ። ጓድ አበራ ደግሞ ለቁጥጥር መጥተው ሲያዩት ከት ብለው ሳቁና «ኮስሞናውት ነው እንጂ!» አሉን። ሰናይት ያኔ ገና አፏን እየፈታች ነበር፤ ጠዋት ጠዋት «ደና አደርክ ዶክተር» ትለዋለች።

ቤቱ በእርግጥ ቀዘቀዘ፤ የመንግሥትን ውለታ አልበላም። ሰው አንድ በአንድ ከኒሙ ሥር ቀረ። ለምን ይውጣ? እኔም አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ኮርኒሱ ሲተነፍስ አያለሁ። የናዝሬት ነፋስ በቆርቆሮው ሥር ሲገባ አቡጀዲው እፍ ብሎ ይነፋል፣ ደግሞ ይሟሽሻል። ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ጨረር ሲገባ አየሩ ውስጥ ደቃቅ ነገር ያብለጨልጭ ነበር። ሰናይት በእጇ ልትይዘው ትዘላለች፤ እኔም «እንዴት ያምራል» ብዬ አብሬያት እስቃለሁ።

መጀመሪያ የጀመረኝ ማሳከክ ነው። አንገቴን፣ ክንዴን፣ የጡቴን ሥር። «ሙቀት ነው» አልን። ሙቀቱ ጠፍቶ የለም እንዴ ብሎ የጠየቀ የለም! ከዚያ ሰናይትም ማከክ ጀመረች። የክሊኒኩ ድሬሰር ገና ከበሩ አየንና «እከክ ነው» አለ። የድኝ ቅባት ሰጠን፣ ልብሳችንን ሁሉ ቀቀልን፣ ቤቱ በድኝ ሸተተ። አልፎ አልፎ ኒሙ ሥር ስንገናኝ ጎረቤቶቼ ምንጣፋቸውን ከእኔ ምንጣፍ ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ጀመሩ። እነሱም እኮ በየቤታቸው ያካሉ፤ ግን ማን ይናገራል? እከክ ውርደት ነው።

ቀጥሎ ዓይኔ ቀላ፣ ጉሮሮዬ ተቧጠጠ፣ ሳል መጣ። እማማ በላይነሽ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹልኝ። ሲብስ ጠበል አመጡልኝ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ብትሆኚ ነው እንጂ ሳንባሽ ጴንጤ አይደለም፤ ጠጪ!» አሉኝ። ጠጣሁ። ዛሬም ሳስታውሳቸው ሳቄ ይመጣል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። «አስም ነው» አሉኝ፤ ኪኒን ሰጡኝና «ከአቧራና ከነፋስ ራቂ፣ መስኮት ዝጊ፣ ከቤት አትውጪ» ብለው መከሩኝ። እኔም እንደታዛዥ ልጅ ዘግቼ ተኛሁ፣ በዚያው ትራስ ላይ። ደረጃ መውጣት ይቅርና ውሃ መቅጃው ጋ ደርሼ ስመለስ ደረቴ ያፏጭ ጀመር።

የቀረኝ ሆስፒታል መሄድ ነበር፤ ሄድኩ። እዚያ ያለውን አግዳሚ ወንበር ሳስበው እስከ ዛሬ ወገቤን ያመኛል። ሁሉም የራጅ ፖስታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ከእኔ ፊት አንድ የመቂ ሽንኩርት ደላላ ነበረ፤ ከእኔ የባሰ ነው የሚያስለው። ሳሌ ሲያጥፈኝ አይቶ «ግቢ እህቴ፤ የእኔ ሽንኩርት ተጭኖ ሄዷል፣ ምን ያስቸኩለኛል?» ብሎ ተራውን ሰጠኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ሐኪሙ ወጣት፣ ድካም የተጫነው ሰው ነበር። ራጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ «ደመና ነገር አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። አክታዬ ላይ ጀርሙ ባይገኝም ሕክምናውን መጀመር ይሻላል አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ልጅ አለሽ?» አለኝ።

አማቴ ከአቦምሳ መጡ። ሰናይትን እስክድን ድረስ ይዘዋት ሊሄዱ ነው። ሰናይት የበሩን መቃን ይዛ «እማዬን ሳልስም!» ብላ አለቀሰች። እኔ ሐኪሙ ካየኝ ቀን ጀምሮ እንደማደርገው ነጠላዬን አፌ ላይ ጠምጥሜ ጓዳው ጥግ ቆሜአለሁ። መሳም ተከልክያለሁ። ጋሪው ሲሄድ የፈረሱ ቃጭል እስኪጠፋ አዳመጥኩ። ከዚያ ወዲያ መዳን ማለት ለእኔ ሳንባ አልነበረም፤ ሰናይትን መሳም ነበር።

የነቀርሳው መርፌ ቂጤን አጠጠረው። ግርማ ራዲዮኑን ሸጠ፣ ፊቱ ከሰለ፣ አንዳንዴም ያለምክንያት ይጮኽብኛል፤ ከዚያ ወጥቶ ያለቅስና ይመለሳል። ሌሊት ትንፋሼ ሲያጥረኝ ግድግዳውን ተደግፌ እቀመጣለሁ። በኩራዙ ብርሃን ዶክተሩ ያየኛል። «አንተ እንኳ ምን አለ ብታድነኝ!» እለዋለሁ። እስኪ አስቡት፣ ያ ምስኪን ስንት ጊዜ ነግሮኝ ይሆን!

አንድ ወቅት ግርማ ለእርሻ ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ብቻዬን ከምሆን ብሎ ቆቃ፣ እህቴ ማርታ ዘንድ አደረሰኝ። የእህቴ ባል ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቤታቸው ሣር ክዳን፣ ነፋስ ከሐይቁ እንደልቡ ይገባል ይወጣል። ነፋስ ያስፈራኝ ስለነበር መጀመሪያ ጥግ ያዝኩ። ማርታ ግን የዓሣ ሾርባ እያጠጣችኝ «ውጪ ውጪ፣ እንደ ዶሮ አትታቀፊ» ብላ አስወጣችኝ። ማሳከኩ ቀድሞ ተወኝ፣ ዓይኔ ጠራ፣ ሳሉ ለቀቀኝ። ሐይቁ ዳር ስሄድ ትንፋሼን መስማት አቆምኩ። «መርፌው ሠራ» አልኩ፤ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገዱ ሁሉ የማስበው ሰናይትን አቅፌ የምስማትን ጉንጭ ነበር።

ቤቴ ገባሁ። ሳምንት ሳይሞላኝ አንገቴን አከኩ፤ ደረቴም ያው ማፏጨት ጀመረ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ነቀርሳው ከቆቃ ወጥቶ ናዝሬት ጠብቆኝ ነበር እንዴ?

ቢሆንም ቤቱ አቧራ ውጦታል፤ እኔ ደግሞ ቆሻሻ አልወድም። አፌን በነጠላ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ፣ የእጅ መሸፈኛ አድርጌ ኮርኒሱን በመጥረጊያ ማራገፍ ጀመርኩ። ብናኙ ሲወርድብኝ ዞር ስል መስተዋቱ ውስጥ ራሴን አየሁ። አጠገቤ ዶክተሩ። ሁለታችንም አፋችን ተሸፍኗል፣ ሁለታችንም እጃችን ተጠቅልሏል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ «አንተም ኮርኒስ ልትጠርግ ነው?» አልኩት።

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። መጥረጊያዬን ጣልኩና ቀረብኩት። ትከሻው ላይ ያለው ብርድ ልብስ አይደለም። ቢጫ ነው። ጥቅልል ነው። ትራሴን ቀድጄ ያንኑ አወጣሁና ከሥዕሉ ጎን ያዝኩት፤ አንድ ነው። ሰውየው አፉን የሸፈነው ከበሽተኛ ሸሽቶ አልነበረም፤ ከተሸከመው ነገር ነበር!

ወረቀቱን በውሃ አርሼ ላጥኩና ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ያን ቢጫ ነገር በጣቱ አሸት አድርጎ መስኮቱ ጋ ወሰደው። 

«ይህ ጥጥ አይደለም፤ የመስታወት ክር ነው» አለኝ። «ብርጭቆ ቀልጦ እንደ ጥጥ የተፈተለ። ቆዳ ይበላል፣ የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል። አስተኝቶሽ የነበረው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ስለ ሳልሽ እንጂ ስለ ቤትሽ አልጠየቅኩሽም።»

«ልጄን ላምጣት?»

«መጀመሪያ ኮርኒሱ ይውረድ። እንደገና እናያለን።»

ቤቱ ግን የእኔ አይደለም፤ የመንግሥት ነው። ቀበሌ ሳይፈቅድ ምስማር አይመታበትም። ግርማ ነገሩን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ «አስቱ፣ እባክሽ! እኛ በጴንጤነታችን ዓይን ውስጥ ነን። የመንግሥት ስጦታ አሳመመኝ ብትዪ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ» አለኝ።

«የፈለጉትን ይበሉኝ። ልጄን ነው የምፈልገው» አልኩት።

በቀበሌው ስብሰባ ቀን እጄን አወጣሁ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ማነው?» አልኳቸው።

«ኮስሞናውት ነው ብያለሁ እኮ፣ ጓድ አስቴር» አሉ። ሰው ሳቀ።

«ኮስሞናውቱ ትከሻው ላይ የተሸከመው ምንድነው?»

ሳቁ ቆመ። ትራሴ ውስጥ የነበረውን ቢጫ ነገር አውጥቼ ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳቸው። ጓድ አበራ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ «መንግሥት ለሕዝቡ አስቦ ያመጣውን ማጥላላት ፀረ አብዮት ቅስቀሳ ነው» አሉ።  ግርማ ከጎኔ ቀሚሴን ጎተተኝ።

«አስቦ ማምጣቱን ማን ካደ?» አልኩ። «እኔም አጨብጭቤአለሁ። ግን የሚያመጣ እጅ አብሮ መንገር ነበረበት። ወረቀቱ ይናገራል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ደግሞ መንግሥት ቤት አይጠፋም። ጓንቱም መጥቶ ነበር፤ ለበረኛ ሰጣችሁት። እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም ይባላል፤ እናንተ ግን እከኩን ሰጥታችሁን ጥፍሩን ለኳስ አዋላችሁት!»

 ያኔ እማማ በላይነሽ ተነሡ። «እኔ ቅስቀሳ አላውቅም፤ ማሳከክ ግን አውቃለሁ» ብለው እጀታቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው በቧጨራ ተሸንትሯል። ከኋላ ሌላ ሰው ተነሣ፤ ቀጥሎ ሌላ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ተደብቆ ሲያክ ኖሯል!

ጓድ አበራ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ሳያውቁት አንገታቸውን አከኩ። ከሴቶች ማኅበር ወንበር ላይ የገዛ ሚስታቸው «ንገራቸው እንጂ! አንተም ስትፎክት አይደል የምታድረው?» አሏቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ ያዳነኝ ይመስለኛል። በሳቅ መሐል ሰው ማሰር ይከብዳል።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የፈለገ ያውርድ። በራሱ ኃላፊነት!» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ሲገባ በመንግሥት ችሮታ ነበር፤ ሲወርድ በእኛ ኃላፊነት ሆነ። ዛሬም ድረስ የምናደደው በዚህ ነው። የሕዝብ ጣሪያ ውስጥ እጁን የሚያስገባ መንግሥት፣ ያስገባውን ዕቃ ጠባይ አውቆ የመናገር ዕዳ አለበት፤ ለሚሠራውም፣ ከሥሩ ለሚተኛውም።

ጉርሜሳ ጓንቱን ይዞ መጣ። «ሀርሜ አስቴር፣ በዚህ ስንት ኳስ ይዣለሁ መሰለሽ» እያለ፣ አፉን በነጠላዬ አስሮ፣ ጥቅልሉን ውሃ እያርከፈከፈ ከእኔም ከጎረቤቶቼም ጣሪያ አወረደው። ከከተማ አርቀን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ትራሴም ተከተለ። አቡጀዲውን አጥቤ መልሼ ወጠርኩት። ቤቱ እንደ ድሮው ምድጃ ሆነ፣ ሰውም ምንጣፉን ይዞ ወደ ኒሙ ሥር ተመለሰ። እማማ በላይነሽ ምንጣፋቸውን ከእኔ ምንጣፍ ጋር አገጣጥመው ዘረጉ።

ሳሉ ለቀቀኝ። ሐኪሙ ራጁን ደግሞ አየና መርፌውን አስቆመልኝ፤ «አምጫት» አለኝ።

አማቴ ሰናይትን ይዘው ሲገቡ ኒሙ ሥር ነበርን። ልጄ አድጋለች፤ ቀሚሷ አጥሯል። ሮጣ መጣችና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ፊቴ ግራ ገባት። ከመሄዷ በፊት ለስንት ጊዜ ዓይኔን ብቻ ነበር የምታየው፤ አፌን ሁልጊዜ ነጠላ ይሸፍነዋል። ቀስ ብላ ቀረበችና ትንሿን እጇን ከንፈሬ ላይ አሳረፈች።

«እማዬ፣ አፍሽ ይሄ ነው?» አለችኝ።

«ይሄ ነው የኔ እናት» አልኳትና ሳምኳት።